የሲኒ አፍ የምታህል ቀይ ክብ፦ የድሮ የክፍለ ጦር ምልክቶች እንዴት ይነበባሉ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ የቤተሰቡን የፎቶ አልበም ይዞ ቤቴ መጣ። አንደኛው ገጽ ላይ ጠርዙ የተቀደደ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነበር፤ ኮሪያ ውስጥ የተነሳ። ሁለት ወጣት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ድንኳን ደጃፍ ላይ ቆመው ይስቃሉ። «ይቺ ትከሻቸው ላይ ያለችው ክብ ነገር ምንድን ናት? የኛ አርማ ናት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። የኛ እንዳልሆነች፣ የኛ ሰዎች ግን እሷን ለብሰው ደማቸውን እንዳፈሰሱ ነገርኩት። የድሮ የክፍለ ጦር ምልክት የምሰበስብ ሰው ስለሆንኩ ብዙ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ቡናው ቀረበና ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ያን ቀን ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው።

በፎቶው ላይ ያለችው ክብ በቀለም ብትታይ ቀይ ናት። ስፋቷ ከቡና ሲኒ አፍ ብዙም አይበልጥም። መሐሏ ላይ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው የአሸዋ ሰዓት ይሠራሉ። ልብ ብሎ ላያት ግን ሰዓቱ የተሠራው ከሁለት የ7 ቁጥሮች ነው፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሌላው ተዘቅዝቆ ተደርቦበታል። የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ናት። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሳው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲደርስ የተመደበው በዚህ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነበር። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የክንድ ምልክት፣ ሰብሳቢዎች «ፓች» የምንለው፣ ከማዕረግም ከኒሻንም ይለያል። ማዕረግ ሰውየው አዛዥ ይሁን ታዛዥ ይናገራል፣ ኒሻን ያደረገውን ይመሰክራል። ፓች የሚመልሰው ከእነዚህ የቀለለ የሚመስል ጥያቄ ነው፦ ከማን ጋር ነበርክ? ለኔ ከሦስቱ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ኒሻን ያልደረሰው፣ ማዕረግ ሳያገኝ የሞተ ተራ ወታደር እንኳ ከማን ጋር እንደነበር የሚመሰክርለት ይህ ቁራጭ ጨርቅ ነውና።

ጨርቁ ከየት መጣ?

ተዋጊ ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ ሳይለብስ በፊት ነገሩ ይህን ያህል አያስቸግርም ነበር። በአድዋ ዘመን ጦራችን አንድ ሰው የማን ጭፍራ እንደሆነ በጌታው ነጋሪት፣ በፉከራው ውስጥ በሚጠራው የፈረስ ስም ይታወቃል፤ ጀግንነቱም በጎፈሩ፣ በለምዱና በብር በተለበጠ ጋሻው ይታያል። «ቃኘው» ራሱ የፈረስ ስም ነው። ራስ መኮንን «አባ ቃኘው» ይባሉ ነበር፤ ልጃቸው አፄ ኃይለ ሥላሴም ወደ ኮሪያ ለላኩት ሻለቃ ይህንኑ ስም ሰጡት። አሥር ሺህ ሰው አንድ ዓይነት ካኪ ለብሶ ጭስና ጭቃ ውስጥ ሲደባለቅ ግን አዛዡ የራሱን ሰው ከሌላው መለየት ያቅተዋል።

በአሜሪካ የፓች ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከአንድ ቁጣ ነው። በእርስ በርሱ ጦርነት፣ በ1862፣ ጄኔራል ፊሊፕ ኪርኒ መንገድ ዳር ያገኟቸውን መኮንኖች የራሳቸው ሰዎች መስለዋቸው ክፉኛ ተቆጧቸው ይባላል። መኮንኖቹ ቁጣውን ተቀብለው ሲያበቃ የሌላ አዛዥ ሰዎች መሆናቸውን ነገሯቸው። ኪርኒ ይቅርታ ጠየቁና ከዚያ ወዲያ የእሳቸው መኮንኖች ባርኔጣቸው ላይ ቀይ ጨርቅ እንዲያደርጉ አዘዙ። እሳቸው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 1 ቀን ተገደሉ፤ ቀዩን ጨርቅ ግን ወታደሮቻቸው አልጣሉትም፣ እንዲያውም ኩራት ሆነባቸው። በሚቀጥለው ዓመት ጄኔራል ጆሴፍ ሁከር የሰሜኑን ወገን ትልቅ ጦር፣ የፖቶማክን ሠራዊት፣ ሲረከቡ የኤታ ማዦር ሹማቸው ዳንኤል በተርፊልድ ሐሳቡን ለመላው ሠራዊት አዳረሱት። ለእያንዳንዱ ኮር፣ ማለትም ብዙ ክፍለ ጦሮችን ለያዘው ጓድ፣ አንድ ቅርጽ ተሰጠ፦ ለአንደኛው ክብ፣ ለሁለተኛው ባለ ሦስት ቅጠል፣ ለአሥራ አንደኛው ጨረቃ፣ ለአሥራ ሁለተኛው ኮከብ፣ ሌሎቹም እንዲሁ። በኮሩ ውስጥ አንደኛው ክፍለ ጦር ቅርጹን በቀይ፣ ሁለተኛው በነጭ፣ ሦስተኛው በሰማያዊ ያደርገዋል። ቅርጹና ቀለሙ ከተያየ ሰውየው የየት እንደሆነ ከሩቅ ይታወቃል ማለት ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሌሎች አገሮች አሜሪካን ቀደሟት። አውስትራሊያውያን ከ1915 ጀምሮ ባለ ቀለም ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ያደርጉ ነበር፤ ካናዳውያንም ከ1916 አንስቶ ክፍለ ጦሮቻቸውን በአራት ማዕዘን ጨርቅ ቀለም ለዩ፣ አንደኛው ቀይ፣ አራተኛው አረንጓዴ። የአሜሪካ ጦር ዘግይቶ ፈረንሳይ ሲገባ በትከሻው ላይ ምንም አልነበረም፤ ከአንድ ክፍለ ጦር በስተቀር።

እሱም 81ኛው ነው። ደቡብ ካሮላይና በሚገኘው ካምፕ ጃክሰን የሠለጠነ ሲሆን በሰፈሩ አጠገብ «የዱር ድመት» የሚባል ወንዝ ነበር። ወታደሮቹ ስሙን ለራሳቸው ወሰዱትና የዱር ድመት ምስል ቆርጠው ግራ ትከሻቸው ላይ ሰፉት። ፈቃድ የሰጣቸው አልነበረም። በ1918 ወደ ፈረንሳይ ሲጓዙ ሌሎች ክፍሎች «እነዚህ ማን ፈቀደላቸው?» ብለው አቤቱታ አነሱ። ነገሩ እስከ ዋናው አዛዥ እስከ ጄኔራል ፐርሺንግ ጠቅላይ መምሪያ ደረሰ። እዚያ ግን ቅጣት አልጠበቃቸውም፤ ኦክቶበር 19 ቀን 1918 ምልክቱ ጸደቀላቸው፣ ሌሎቹ ክፍለ ጦሮችም የየራሳቸውን ምልክት እንዲያቀርቡ ታዘዙ። የአሸዋ ሰዓቷ ምልክት የመጣችውም ይህንኑ ትእዛዝ ተከትላ ነው።

እዚህ ላይ ቀኑን ልብ በሉት፤ ጀማሪ ሰብሳቢ ሁሉ የሚስተው ነጥብ ነው። ጦርነቱ ያቆመው ኖቬምበር 11 ቀን 1918 ነው። በትእዛዙና በተኩስ ማቆሙ መካከል ያለው ሦስት ሳምንት ከሁለት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ «የአንደኛው ዓለም ጦርነት ፓች» እየተባሉ የሚሸጡት አብዛኞቹ ውጊያ ላይ አልዋሉም። የተሠሩት ከተኩስ ማቆሙ በኋላ ወታደሩ መርከብ እስኪደርሰው ሲጠብቅ፣ ወይም አገሩ ገብቶ ሰልፍ ሲወጣ ነው። የፈረንሳይ ልብስ ሰፊዎች ከብርድ ልብስ፣ ከታመቀ ሱፍ፣ ከሐር፣ አንዳንዴም ከወርቅ ክር ሠሩላቸው። አንድ ወጥ መለኪያ ስላልነበረ የአንድ ክፍለ ጦር ምልክት በሃያ ዓይነት መልክ ይገኛል። ይህ ዋጋቸውን አያሳንስም። እኔ እንዲያውም ከፋብሪካ ከወጣው ይልቅ ይበልጥ እወዳቸዋለሁ፤ በአንዲት የፈረንሳይ መንደር አንዲት ሴት መብራት ሥር ቁጭ ብላ ለማታውቀው ልጅ በእጇ የሰፋችው ነገር ነውና።

ምስሉ የሚናገረው

የፓች ምስል ዘፈቀደ አይደለም። 29ኛው ክፍለ ጦር ከሰሜንና ከደቡብ ግዛቶች የተውጣጣ ስለነበር በእርስ በርሱ ጦርነት የተገዳደሉትን ሁለት ወገኖች ልብስ፣ ሰማያዊና ግራጫ፣ በአንድ ክብ ውስጥ አቅፎ አስቀመጠ። የ82ኛው ሁለት «ኤ» ፊደል «ኦል አሜሪካን» (መላው አሜሪካዊ) ማለት ሲሆን፣ ወታደሮቹ በዚያን ጊዜ ከነበሩት 48 ግዛቶች ሁሉ መምጣታቸውን ይናገራል። የ93ኛው ምልክት ሰማያዊ የፈረንሳይ የብረት ቆብ ነው። የክፍለ ጦሩ ሬጅመንቶች ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ የገዛ አገራቸው ጦር ከነጮች ጎን ሊያሰልፋቸው ስላልፈለገ ለፈረንሳይ ጦር ተሰጡና በፈረንሳይ አዛዦች ሥር ተዋጉ። ከኒው ዮርክ ሐርለም የሄደው 369ኛው ሬጅመንት ከእነሱ አንዱ ነው። አገራቸው የነፈገቻቸውን ቦታ ሰው አገር አግኝተውት፣ የዚያን ሰው አገር ቆብ ምልክት አደረጉት።

ሰው ከሁሉ በላይ የሚደነግጥበት ግን የ45ኛው ነው። ከኦክላሆማ፣ ከኒው ሜክሲኮ፣ ከኮሎራዶና ከአሪዞና የተውጣጣ ክፍለ ጦር ሲሆን፣ የመጀመሪያ ምልክቱ በቀይ አልማዝ ቅርጽ ላይ የተጠለፈ ቢጫ ስዋስቲካ ነበር። በዚያ የአሜሪካ ክፍል ለሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ምልክቱ ከሂትለር በፊት የቆየ የመልካም ዕድል ምልክት ነው፤ ክፍለ ጦሩ ሲመርጠውም ናዚዎች ገና ሥልጣን አልያዙም ነበር። ናዚዎች ጀርመንን ከያዙ በኋላ ግን መሸከም አልተቻለም። በ1939 በቦታው ነጎድጓድ አምጪ የምትባለው የአፈ ታሪክ ወፍ ገባች፤ ቀዩ አልማዝና ቢጫው ቀለም እንዳሉ ቀሩ። አራቱ የአልማዝ ጎኖች አራቱን ግዛቶች ይወክላሉ። ይህች ወፍ በኋላ በጣልያን፣ በፈረንሳይና በጀርመን ምድር ተዋጋች። አሮጌውን ፓች የሚያገኝ ሰው የጀርመን ሊመስለው ይችላል፤ ስለዚህ ከነታሪኩ ካልሆነ በስተቀር ለብቻው መስታወት ውስጥ ማስቀመጥን አልመክርም። ጀርመን ውስጥ ደግሞ የናዚ ምልክትን በአደባባይ ማሳየት ሕግ የሚከለክለው ስለሆነ፣ እዚያ የምትኖሩ እንዲህ ያለውን ነገር ከመያዛችሁ በፊት ሕጉን በደንብ ጠይቁ።

ጨርሶ ያልነበሩ ክፍለ ጦሮችም ፓች አላቸው። በ1944 ተባባሪዎቹ ኖርማንዲ ከመውረዳቸው በፊት ጀርመኖች ጥቃቱ በካሌ በኩል እንደሚመጣ እንዲያምኑ ትልቅ የማታለል ሥራ ተሠራ። በእንግሊዝ ምድር በጄኔራል ፓተን የሚመራ የሚመስል ሠራዊት በወረቀትና በሬዲዮ ወሬ ተፈጠረ። ለተፈጠሩት ክፍለ ጦሮች ምልክት ተነደፈ፣ በፋብሪካም ተጠለፈ። ሰብሳቢዎች «የመንፈስ ፓች» ይሏቸዋል። በሌላ በኩል ከ1,100 የማይበልጡ ሰዎች ያሉት 23ኛው ልዩ ክፍል በአየር የሚነፋ የጎማ ታንክ፣ የተቀዳ የታንክ ድምፅና የሐሰት ሬዲዮ ይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ይዘዋወር ነበር። ወታደሮቹ የሌሎችን ክፍለ ጦሮች ፓች ትከሻቸው ላይ ሰፍተው ሰላይ ሊያያቸው በሚችልበት ከተማና መጠጥ ቤት ይታያሉ፤ በማግስቱ ፈትተው የሌላ ይሰፋሉ። ሥራቸው ለአሥርት ዓመታት ምስጢር ሆኖ ቆይቶ የአሜሪካ ኮንግረስ የወርቅ ሜዳይ የተሰጣቸው በ2024 ነው።

ጀርባውን ገልብጡት

የፓች ዕድሜ የሚነበበው ከፊቱ አይደለም፣ ከጀርባው ነው። ይህን ሳላውቅ ገንዘቤን አጥፍቻለሁ። በጀማሪነቴ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ «የኮሪያ ዘመን» የተባለች የአሸዋ ሰዓት ገዛሁ። ቤት ገብቼ ከመጽሐፍ ጋር ሳስተያያት ጠርዟ ዙሪያውን ወፍራም ሆኖ የተዘመዘመ ነው፤ ጀርባዋ ላይ የዝምዝማቱ ትርፍ ክር እንደ ትንሽ ጅራት ታጥፎ ተጣብቋል። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ እንዲህ ያለ ጠርዝ አልነበረም።

ምክንያቱ ማሽኑ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በኮሪያ ዘመን የአሜሪካ ፓች በብዛት የተጠለፈው «ሺፍሊ» በሚባል የስዊስ ማሽን ነበር። ኢሳክ ግሮብሊ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ በ1863 የፈለሰፈው ሲሆን፣ የታችኛውን ክር የሚይዘው መወርወሪያ ጀልባ ስለሚመስል በስዊስ ጀርመንኛ «ትንሿ ጀልባ» ተባለ። ከኒው ዮርክ ከተማ ማዶ፣ ከሀድሰን ወንዝ ባሻገር ያሉት የኒው ጀርሲ ከተሞች የዚህ ጥልፍ ማዕከል ነበሩ። ማሽኑ በአንድ ሰፊ ጣቃ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ መርፌዎችን በአንድ ጊዜ እየነዳ ያንኑ ምስል ይደግማል። ከዚያ እያንዳንዱ ፓች ከጣቃው ተቆርጦ ይወጣል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ፓች ጠርዙ ስስና የተቆረጠ ነው፤ አንዳንዴ ከጥልፉ ውጭ ቀጭን የጨርቅ ክር ይታያል። ጀርባው ላይ የታችኛው ነጭ ክር በብዛት ይተኛል፣ በረዶ የጣለበት ይመስላል። ጠርዙን እየጠቀለለ የሚዘመዝም ማሽን በአሜሪካ ፓች ላይ የተለመደው በ1960ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የገዛኋት ከቃኘው ዘማቾች መመለስ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይታ የተወለደች ነበረች። አልጣልኳትም፤ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ልዩነቱን የማሳየው በእሷ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ክሩ ነው። የድሮው ክር ጥጥ ነው፤ የኋለኛው ብዙውን ጊዜ ሰው ሠራሽ። ባንክ ቤት የብር ኖት ትክክለኛነት የሚታይበትን ሐምራዊ መብራት ታውቁታላችሁ? ፓቹን ጨለማ ክፍል ውስጥ እሱ ሥር ብታደርጉት ሰው ሠራሹ ክርና በኋላ ዘመን በኬሚካል የነጣው ጨርቅ ቦግ ብሎ ያበራል፤ የድሮው ጥጥ ግን ድብዝዝ እንዳለ ይቀራል። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ብዙ የልብስ ሳሙናዎች የሚያበራ ንጥረ ነገር አላቸው፤ እውነተኛ የ1951 ፓች በቅርቡ በኦሞ ዓይነት ሳሙና ከታጠበ እንደ ሐሰተኛ ሊያበራ ይችላል። ስለዚህ መብራቱ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ከትርፍ ክር ላይ ጫፏን ቆርጦ ማቃጠልም አለ፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ይበተናል፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ይህን በራሳችሁ ዕቃ ላይ ካልሆነ አትሞክሩት፣ በአያት ዕቃ ላይ ደግሞ ፈጽሞ።

ሦስተኛው አገሩ ነው። የአሜሪካ ወታደር በሄደበት ሁሉ የአካባቢው ልብስ ሰፊ ፓች ሠርቶለታል። ከ1945 በኋላ በጀርመን የሰፈሩት ከቩፐርታል ከተማ የሚወጣውን በማሽን የተሸመነ፣ እንደ ጥብጣብ ለስላሳ የሆነ ሥራ አገኙ። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ለዕረፍት ጃፓን የሚሄዱት ሐር በሚመስል ክር የተጠለፉ ደማቅ ፓቾች ይዘው ይመለሱ ነበር። የቬትናም ጊዜ የሳይጎን ሰፊዎችም እንዲሁ። እነዚህ ከፋብሪካው ይልቅ ይወደዳሉ፤ በዚያው ልክ ዛሬ አስመስሎ የሚሠራቸው ብዙ ነው፣ በተለይ የቬትናሙን። አሠራሩ ድሮም ወጥ ስላልነበረ ሐሰተኛውን ለመለየት መመዘኛ ይጠፋል። ከቬትናም የቀረልን ሌላው ነገር ቀለሙ የደበዘዘው ፓች ነው። ደማቅ ቀይና ቢጫ ጫካ ውስጥ ዒላማ ስለሚያደርግ ያው ምስል በጥቁርና በአረንጓዴ ይጠለፍ ጀመር። ባለፉት ሃያ ዓመታት ደግሞ ፓቹ በቬልክሮ ተለጣፊ ሆኗል፤ መርፌ የማያውቅ ፓች ነው።

ዋጋን በተመለከተ ብዙ ሰው ተሳስቶ ያስባል። በ1945 በአሜሪካ ጦር ውስጥ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበር፤ እያንዳንዱም ለካፖርቱ፣ ለኮቱና ለሸሚዙ ፓች ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ የታወቁት የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ፓቾች አሜሪካ ውስጥ ዛሬም ከአንድ ምሳ ዋጋ ብዙ አይበልጡም። የሚወደደው በእጅ የተሠራው፣ የጥቂት ጊዜ ክፍል የነበረው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የማን እንደነበር የሚታወቀው ነው። በ1937 የተመሠረተው የአሜሪካ ወታደራዊ ምልክት ሰብሳቢዎች ማኅበር አባላት ከጥንት ጀምሮ የሚለዋወጡት ጨርቁን ብቻ ሳይሆን ይህን መረጃም ጭምር ነው። የአሜሪካ ጦር ምልክቶችን የሚነድፈውና የሚያጸድቀው የሄራልድሪ ተቋም የሚገኘው ቨርጂኒያ ፎርት ቤልቯር ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ሩቅ አይደለም።

የኛ ሰዎችና የአሸዋ ሰዓቷ

አሁን ወደ ዘመዴ ፎቶ ልመለስ። በኮሪያ የተባበሩት መንግሥታት ጦር የተለያዩ አገሮችን ሻለቃዎች በአሜሪካ ክፍለ ጦሮች ውስጥ አስገብቶ ያዋጋ ነበር። መሣሪያው፣ ስንቁ፣ የክረምት ልብሱ ከአሜሪካ ነው፤ ፓቹም አብሮ መጣ። ቃኘው የገባበት 32ኛው ሬጅመንት ደግሞ ገና ቁስሉ አልደረቀም ነበር። በ1950 መጨረሻ በቾሲን ሐይቅ አጠገብ በቻይና ጦር ተከቦ አንደኛው ሻለቃው ክፉኛ አልቋል። የክብር ዘበኛ ወታደሮች በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ መሪነት በሜይ 1951 ፑሳን ወደብ የደረሱት ከዚያ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። በረዶ አይተው የማያውቁ ብዙ ነበሩባቸው።

በጦርነቱ ጊዜ በየተራ ከተላኩት ሦስት የቃኘው ሻለቃዎች ከ3,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘምተዋል። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። ሻለቃው የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ የክፍል ሽልማት አግኝቷል። በዚያው 7ኛ ክፍለ ጦር ውስጥ የኮሎምቢያ ሻለቃም ነበር። ስለዚህ ያቺ ቀይ ክብ ከአሜሪካ ባሻገር የቦጎታና የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ሣጥን ውስጥ ልትገኝ ትችላለች።

ፎቶ ስታዩ የቱ ትከሻ ላይ እንዳለች ተመልከቱ። በአሜሪካ ደንብ ግራ ትከሻ አሁን ያለበትን ክፍል ያሳያል፤ ቀኝ ትከሻ ደግሞ ወታደሩ ቀድሞ በጦርነት አብሮት የነበረውን። ኮሪያ ላይ ከቃኘው ጎን ተዋግቶ በኋላ ወደ ሌላ ክፍል የተዛወረ አሜሪካዊ የአሸዋ ሰዓቷን በቀኙ ይዞ ሊታይ ይችላል። ፎቶው ተገልብጦ ታትሞ እንደሆነ ለማወቅም የሸሚዙን ቁልፍ እዩ፤ የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ በለባሹ ቀኝ በኩል ነው የሚሰፋው።

በደርግ ዘመን ኮሪያ ሄዶ ከኮሚኒስቶች ጋር መዋጋት በአደባባይ የሚያኮራ ታሪክ አልነበረም። ብዙ ልብስ፣ ፎቶና ወረቀት ሣጥን ሥር የቀረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ዘማቾቹ እያለቁ ነው። ልጅና የልጅ ልጅ ሣጥኑን ሲከፍት የሚያገኘው ነገር ምን እንደሆነ ካላወቀ ለአሮጌ ልብስ ገዢ ይሰጠዋል፤ ይህ ነው የሚያሳዝነኝ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

እንዲህ ያለ ልብስ ቤታችሁ ካለ እባካችሁ ፓቹን ከእጅጌው አትፍቱት። ከልብሱ ጋር ሲሆን የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ሲፈታ ከሚሊዮን አንዱ ጨርቅ ይሆናል። አትጠቡት፣ አትተኩሱት፣ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥም አትዝጉት፤ ፕላስቲክ እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል። በንጹሕ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፀሐይና ብል ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉ፦ የባለቤቱን ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ ማዕረጉን፣ በየትኛው ቃኘው እንደዘመተ፣ ልብሱን ማን እንዳቆየው። በእርሳስ ያልኩት ቀለም ከጊዜ ብዛት ወደ ጨርቁ ስለሚሰርግ ነው። እናት ወይም አክስት በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።

ፓቹ ጠፍቶ እጅጌው ብቻ ቢገኝም ተስፋ አትቁረጡ። ግራ ትከሻው ላይ፣ ከስፌቱ ዝቅ ብሎ፣ መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ በሰያፍ ብርሃን እዩት። ልብሱ በፀሐይ ደብዝዞ ፓቹ የሸፈነው ቦታ ብቻ በቀድሞ ቀለሙ ይቀራል፤ በዙሪያው የመርፌ ቀዳዳዎች እንደ ነጠብጣብ ተደርድረው ይታያሉ። ክቡ የሲኒ አፍ የሚያህል ከሆነ፣ ሲኒ አምጡና ልኩን አረጋግጡ።